የአቧራውን ዕዳ ማን ይክፈል?

በብሪታንያ ፍርድ ቤቶች የአስቤስቶስ ክስ ለዓመታት በሁለት ጥያቄዎች ሲንገላታ ኖሯል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ማን ነው? ጉዳቱ የደረሰውስ መቼ ነው?

እንዲህ ያለ ክስ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከፍርድ ቤት ርቆ፣ በበሽተኛው ሳሎን ውስጥ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው አናጢ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ አንድ ነገር ተናግሮ ትንፋሹን ይሰበስባል። ጠበቃዋ ከግብር መሥሪያ ቤት ያስመጣችውን የሥራ ታሪክ ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ደመወዝ የከፈሉት ድርጅቶች ስም በየዓመቱ ተዘርዝሮበታል። አንዱ ጋ ሦስት ዓመት ሠርቷል፣ ሌላው ጋ ጥቂት ወራት፣ ሌላው ጋ ደግሞ አንድ ሆስፒታል ተገንብቶ እስኪያልቅ ብቻ። አብዛኞቹ ድርጅቶች ዛሬ የሉም።

ጥያቄዎቹ ጥቃቅን ናቸው። ሰሌዳውን ይቆርጡ የነበረው በእጅ መጋዝ ነው በኤሌክትሪክ? በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው ደጅ? አቧራውን ማን ይጠርግ ነበር? ውኃ ተረጭቶበት ነው ወይስ በደረቁ? ጭንብል የሰጠዎት ሰው ነበር? ከጎንዎ የሚሠራው ማን ነበር፣ ዛሬስ በሕይወት አለ? መልሱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ብዙም አይለያይም። አናጢዎቹ እሳት እንዳይዛመት በኮርኒስና በግድግዳ ላይ የሚመታውን ሰሌዳ ሲሰነጥቁ ይውላሉ፤ ፀጉራቸውና ቅንድባቸው ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው ይመስላል። ቧንቧ የሚሸፍኑት ዱቄቱን በባልዲ በውኃ አቡክተው በባዶ እጃቸው ይለጥፋሉ። ማታ ደግሞ የሥራ ልብሱን አራግፋ የምታጥበው ሚስት ናት፤ ከእነዚህ ሚስቶችም በዚሁ በሽታ የሞቱ አሉ።

ጠበቃዋ የምትጣደፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ሜዞቴሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ከታወቀ በኋላ አብዛኛው በሽተኛ ከአንድ ዓመት ወይም ከአንድ ዓመት ተኩል አያልፍም። በለንደን የሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለእነዚህ ክሶች የተለየ አሠራር ያበጀውም ለዚህ ነው፤ ተከሳሹ ገና ከመነሻው ኃላፊ የማይሆንበት ምክንያት ካለው እንዲያሳይ ይጠየቃል። ማሳየት ካልቻለ የሚቀረው የካሣው መጠን ብቻ ነው።

የማይነድ፣ የማይበሰብስ

አስቤስቶስን የአገራችን አንባቢ በስሙ ባይሆን በሥራው ያውቀዋል። ለረጅም ዘመን የመኪና ፍሬን ሸራ ይሠራ የነበረው ከእርሱ ነው። ኤተርኒት የተባለው የጣሪያ ክዳንም ሲሚንቶና አስቤስቶስ ተቀላቅሎ የተሠራ ሲሆን ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ሃቼክ በ1901 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አውጥቶበታል (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ማዕድኑ ከመሬት ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ ሲደቀደቅ ዓይን የማያያቸው ቀጫጭን ክሮች ይሆናል። አይነድም፣ አይበሰብስም፣ ሙቀት አያሳልፍም፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትምህርት ቤቷን፣ ሆስፒታሏንና የጋራ መኖሪያ ቤቶቿን በጥድፊያ የገነባችው ብሪታንያ በየግድግዳው፣ በየኮርኒሱና በየማሞቂያ ቧንቧው ላይ ተጠቀመችበት።

ሳንባ ውስጥ የገባውን ክር ግን ሰውነት አያሟሟውም። ብዙ አቧራ ለብዙ ዓመት የሳበ ሰው ሳንባው ጠባሳ ይይዛል፤ ይህ አስቤስቶሲስ ነው፤ አቧራው በበዛ ቁጥርም ሕመሙ ይከፋል። ሜዞቴሊዮማ በዚህ ይለያል። አቧራ ሲበዛ በበሽታው የመያዝ ዕድል ይጨምራል፤ አንዴ ከያዘ በኋላ ግን ጥቂት የሳበውንም ብዙ የሳበውንም እኩል ይገድላል። ደግሞም ይቆያል። ሠላሳ፣ አርባ፣ አንዳንዴም ሃምሳ ዓመት ይፈጃል። ሰውየው ጡረታ ወጥቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ ያ ሥራ ከነአቧራው ከተረሳ በኋላ ነው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው።

> ሜዞቴሊዮማ ጥቂት የሳበውንም ብዙ የሳበውንም እኩል ይገድላል።

አደጋው አልታወቀም ነበር የሚለው ክርክር በየችሎቱ ይነሳል። በከፊል እውነት ነው፤ በከፊል ብቻ። በሮችዴል ከተማ በአስቤስቶስ ፋብሪካ ትሠራ የነበረችው ኔሊ ከርሾ የሞተችው በ1924 ነው። ሳንባዋን የመረመረው ዶክተር ዊልያም ኩክ ያየውን በዚያው ዓመት በሕክምና መጽሔት አሳትሟል። አሠሪዋ ግን ኃላፊነቱን ክዶ ካሣ ሳይከፍል ቀረ። በ1930 ሁለት የመንግሥት ባለሙያዎች ችግሩ በፋብሪካዎቹ የተስፋፋ መሆኑን በሪፖርት አረጋገጡ፣ በ1931ም ደንብ ወጣ። ደንቡ ያተኮረው በፋብሪካ ውስጥ በሚሠራው ላይ ነበር። በግንባታ ቦታ ሰሌዳ የሚሰነጥቀው አናጢ ከጥበቃው ውጭ ቀረ፤ ይህ ክፍተት የስንቱን ሕይወት እንዳስከፈለ ለማየት የኋለኛውን ታሪክ ማየት ይበቃል። በ1960 ከደቡብ አፍሪካ ሜዞቴሊዮማን ከአስቤስቶስ ጋር ያያያዘ ጥናት ወጣ። በ1965 ደግሞ የለንደን ጥናት ፋብሪካ ገብተው የማያውቁ፣ በአካባቢው የኖሩ ወይም የሠራተኛ ልብስ ያጠቡ ሰዎች ጭምር በበሽታው መሞታቸውን አሳየ። ዳኞች ከዚያ ዓመት በኋላ «ጥቂት አቧራ ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም» የሚለውን አሠሪ በቀላሉ አይቀበሉትም።

ያም ሆኖ ሰማያዊውና ቡናማው አስቤስቶስ በብሪታንያ የታገዱት በ1985፣ ነጩ ደግሞ በ1999 ነው። በ2009 የወጣ ጥናት በ1940ዎቹ ተወልደው፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው ከአሥር ዓመት በላይ በአናጢነት ከሠሩት ብሪታንያውያን ከ17 አንዱ በሜዞቴሊዮማ እንደሚሞት ገምቷል።

ማን?

የካሣ ሕግ ሥር የሰደደ ደንብ አለው። ከሳሽ «የተከሳሹ ጥፋት ባይኖር ኖሮ አልጎዳም ነበር» ብሎ ማስረዳት አለበት። መኪና ለገጨው ሰው ይህ ቀላል ነው። አምስት አሠሪ ጋ ሠርቶ አምስቱም ጋ አቧራ የሳበ አናጢ ግን ካንሰሩን ያስነሳው ክር ከየትኛው ግንባታ እንደመጣ በምን ያስረዳል? ሐኪም አያውቀውም፤ አስከሬን መርማሪም አያገኘውም። ሳይንስ የሚናገረው ከአምስቱ አንዱ ወይም ብዙዎቹ መሆናቸውን ብቻ ነው።

በታኅሣሥ 2001 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በዚሁ ምክንያት የከሰሱትን በሽተኞችና መበለቶች አሰናበተ። አሠሪዎቹ ጥንቃቄ ማጉደላቸው አከራካሪ ሳይሆን፣ የትኛው እንደጎዳ ስላልታወቀ ሁሉም ነፃ ወጡ። አንድ አሠሪ ብቻ ቢበድለው ሙሉ ካሣ ያገኝ የነበረ ሰው ሁለት ስለበደሉት ባዶ እጁን ተመለሰ። ይህ ውሳኔ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ የብዙ ሺህ ቤተሰቦች ክስ በአንድ ቀን ይዘጋ ነበር። በግንባታ ሥራ አንድ አሠሪ ብቻ ያለው ሠራተኛ ከስንት አንዱ ነውና።

ጉዳዩ ፌርቻይልድ በሚል ስም ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ችሎት ሄደ። ዳኞቹ መልስ ፍለጋ ራቅ ብለው ተጉዘዋል። ብዙ ሰዎች ደብድበው የገደሉትን ባሪያ በተመለከተ የሮማ ሕግ አዋቂዎች የጻፉትን አዩ። በ1948 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት አዳኞች በአንድ ጊዜ ተኩሰው የአንዱ ጥይት የጓደኛቸውን ዓይን የመታበትን ክስ መረመሩ፤ የጀርመንንና የሆላንድን ሕግም ተመለከቱ። በ2002 የሰጡት ውሳኔ አዲስ መንገድ ከፈተ። አንድ አሠሪ በጥፋቱ ሠራተኛውን ለበሽታው አደጋ ጉልህ በሆነ መጠን ካጋለጠ፣ ሳይንስ ከዚህ በላይ መናገር በማይችልበት ሁኔታ ተጠያቂ ይሆናል። ከዳኞቹ አንዱ ሎርድ ቢንጋም ችግሩን አልደበቁም፤ ያላደረሰውን ጉዳት የሚከፍል አሠሪ ሊኖር እንደሚችል አምነዋል። ከሁለቱ በደሎች የሚከብደው ግን የተበደለውን ሰው ያለ መፍትሔ መስደድ እንደሆነ ወሰኑ። እኔም ሚዛኑ ያለው እዚህ ነው እላለሁ። ማስረጃው እንዳይገኝ ያደረገው የበሽታው ጠባይ ነው፤ አቧራውን ያስነሣው ግን አሠሪው ነው።

የኢንሹራንስ ሰዎች ውሳኔውን በፍርሃት አዩት። ከአራት ዓመት በኋላ ባርከር በተባለው ጉዳይ እፎይ የሚያሰኛቸው ፍርድ መጣ፤ እያንዳንዱ አሠሪ የሚከፍለው በድርሻው ልክ ብቻ ነው ተባለ። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። ሳሎን ውስጥ ለተቀመጠው አናጢ ግን ከአምስቱ አሠሪዎች ሦስቱ ከስመው መድን ሰጪያቸውም ካልታወቀ፣ የካሣው ትልቁ ክፍል ቀረ ማለት ነው። የሠራተኛ ማኅበራት ተነሡ። ፓርላማውም በዚያው በ2006፣ ፍርዱ በወጣ በሦስት ወር ገደማ ውስጥ፣ ለሜዞቴሊዮማ ብቻ የሚሠራ ሕግ አወጣ። አሁን ከተገኘው ከማንኛውም አንድ አሠሪ ሙሉ ካሣውን መጠየቅ ይቻላል፤ ከሌሎቹ ድርሻቸውን የማስመለሱ ጣጣ የከፋዩ ነው።

መቼ?

«ማን» የሚለው ጥያቄ ተመለሰ ሲባል «መቼ» ተተካ። ከ1972 ጀምሮ በብሪታንያ አሠሪ ለሠራተኞቹ ጉዳት የኃላፊነት መድን እንዲገባ በሕግ ይገደዳል፤ ብዙዎች ከዚያም በፊት ይገቡ ነበር። አሠሪው ቢከስርም የመድን ውሉ ይቀራልና በሽተኛው ከመድን ሰጪው ላይ ካሣውን ማግኘት ይችላል። የእነዚህ ክሶች እውነተኛ ከፋይ ሁልጊዜም ለማለት ይቻላል መድን ሰጪው ነው።

ውሎቹ ታዲያ ሁሉም በአንድ ቃል አልተጻፉም። አንዳንዱ «በውሉ ዘመን ለተፈጠረ ምክንያት» እከፍላለሁ ይላል። ሌላው «በውሉ ዘመን ለደረሰ ጉዳት» ወይም «በውሉ ዘመን ለያዘ በሽታ» ይላል። የድሮ ውሎቻቸውን ብቻ እያጣሩ የሚገኙ ጥቂት መድን ሰጪዎች በዚህ ላይ ቆሙ። ከእነርሱ አንዱ በመጀመሪያ የተቋቋመው ለግንባታ ሥራ ተቋራጮች መድን ለመስጠት ነበር። ክርክራቸው እንዲህ ነው። ሰውየው አቧራውን የሳበው በ1968 ነው እንበል፤ በዚያ ዓመት አልታመመም። ዕጢው የበቀለው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው፣ ጉዳት ደረሰ የሚባለውም ያኔ ነው። በዚያን ጊዜ ግን የእኛ ውል ከረጅም ዘመን በፊት አብቅቷል። ይህንን የሚደግፍ ፍርድም ነበራቸው፤ በ2006 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሌላ ዓይነት የመድን ውል ሲተረጉም ጉዳት የሚደርሰው ዕጢው ሲጀምር እንጂ ክሩ ሲገባ አይደለም ብሎ ነበር።

ይህ ቢያሸንፍ ውጤቱ አስገራሚ ነበር። አሠሪው በአቧራው ዘመን አረቦን ከፍሏል፤ ዕጢው በበቀለ ዘመን ደግሞ ወይ የለም፣ ወይ ሰውየው ሠራተኛው አይደለም። የትኛውም ዓመት ውል አይሸፍነውም ማለት ነው። ለሠላሳ ዓመት የተሰበሰበ አረቦን፣ ሊመጣ የሚችለው ትልቁ አደጋ ሲመጣ፣ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

> አሠሪው በአቧራው ዘመን አረቦን ከፍሏል፤ ዕጢው በበቀለ ዘመን ግን የሚከፍል አልነበረም።

ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2008 ለቤተሰቦቹ ፈረደ። በ2010 ይግባኝ ሰሚዎቹ ዳኞች ተከፋፈሉ፤ አንዳንዱ ውል ይሸፍናል፣ አንዳንዱ አይሸፍንም ተባለ። በመካከሉ በሽተኞች ይሞቱ ነበር፤ ክሱን የሚቀጥሉት ልጆቻቸው ነበሩ። መጋቢት 28 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. የሎርዶችን ችሎት የተካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጨረሻውን ቃል ተናገረ። የአሠሪ ኃላፊነት መድን የሚገዛው በዚያ ዓመት ለሚሠራው ሥራ ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ «ደረሰ» ወይም በሽታው «ያዘ» የሚባለው ሂደቱ በተነሣበት፣ ሠራተኛው ለአቧራው በተጋለጠበት ዘመን ነው። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሎርድ ፊሊፕስ ግን በምክንያትና ውጤት ነጥብ ላይ ተለይተው ቆሙ። የፌርቻይልድ ደንብ ማን ተጠያቂ ነው የሚለውን ይመልሳል እንጂ በሽታው በዚያ ዓመት መነሣቱን አያረጋግጥም ነው ያሉት። የልዩነት ሐሳባቸው ቀላል አይደለም፤ ሕግ ለአንድ ችግር ያበጀው ልዩ መንገድ ወዴት ወዴት እንደሚያደርስ ያሳያል።

ለመድን ሰጪዎቹም ጆሮ መስጠት ይገባል። ያኔ አረቦኑን ያሰሉት ሰዎች ስለዚህ በሽታ አያውቁም ነበር፤ ካሣው ከተሰበሰበው ብር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የአካባቢ ምክር ቤቶችን ይሸፍን የነበረው አንዱ መድን ሰጪ ከፍርዱ በኋላ የተከፈለላቸውን በከፊል እንዲመልሱ ምክር ቤቶቹን ራሳቸውን ጠይቋል፤ ማለትም ዕዳው በመጨረሻ ወደ ነዋሪው ወረደ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ያልታወቀውን አደጋ መሸከም የመድን ሥራ ዋናው ነው፤ የሚታወቀውንማ ማንም ቆጥቦ ይጠብቀዋል።

የጠፋው ወረቀት

ፍርድ ቤት ማሸነፍ ብቻውን አልበቃም። በ1965 ሃያ ሠራተኛ የነበረው የቧንቧ ሸፋኝ ድርጅት መድን የገባው የት ነበር? ባለቤቱ ሞቷል፣ ቢሮው ፈርሷል፣ መድን ሰጪዎቹም አንዱ ሌላውን እየገዛ ስማቸው ተለዋውጧል፣ ፋይሎቹም ተጥለዋል። የድሮ ውሎችን የሚያፈላልግ ቢሮ በ2011 ተቋቋመ። ፈልጎ ለማያገኛቸውም በ2014 ሌላ ሕግ ወጣ፤ ዛሬ የአሠሪ ኃላፊነት መድን የሚሸጡ ኩባንያዎች ሁሉ በሚያዋጡት ገንዘብ የሚከፈል ካሣ። ድንበሩ ግን ጥብቅ ነው። ሜዞቴሊዮማው ከሐምሌ 25 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. በፊት የታወቀለት ሰው ከዚህ ገንዘብ አያገኝም። አስቤስቶሲስ ወይም በአስቤስቶስ የመጣ የሳንባ ካንሰር ያለበትም አያገኝም። እዚህ ላይ ሕጉ ጨካኝ ነው፤ አንድ ዓይነት አቧራ በአንድ ክፍል የሳቡ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ይካሣል፣ ሌላው ይቀራል።

ዛሬ ግድግዳውን የሚያፈርሰው

ከ2000 በፊት የተሠራ ማንኛውም የብሪታንያ ሕንፃ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ይታሰባል። አደገኛው ዓይነት ሲነሣ ክፍሉ በወፍራም ፕላስቲክ ዙሪያውን ይታሸጋል፤ አየር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ እንዳይሄድ ማሽን ይስባል፤ ሽንቁር እንዳለ በጭስ ይፈተሻል። ሠራተኞቹ በሦስት ተከታታይ ክፍሎች አልፈው ይገባሉ፣ ሰሌዳውን አርጥበው ሳይሰብሩ ያወርዳሉ፣ በቀይ ከረጢት ያሽጉና ከላዩ ውስጡን የሚያሳይ ሌላ ከረጢት ይደርባሉ። ሲወጡ ገላቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ ሌላ ባለሙያ አየሩን ለክቶ ንጹሕ ነው እስኪል ማንም አይገባበትም።

ክርክሩ ግን ስሙን ቀይሮ ቀጥሏል። ሕንፃውን የመረመረው ባለሙያ «አስቤስቶስ የለም» ብሎ ሪፖርት ከጻፈ በኋላ ተቋራጩ ግድግዳውን ሲነቅል ቢያገኝ፣ ሥራው ይቆማል፤ የቆመበት ጊዜ፣ የማስወገጃውና የጽዳቱ ወጪ የማን ነው? የባለቤቱ፣ የመርማሪው ወይስ የተቋራጩ? ሁሉም ወደ መድን ውላቸው ይሮጣሉ። የሙያ ኃላፊነትና የሦስተኛ ወገን መድን ውሎች ግን ብዙውን ጊዜ አስቤስቶስን ጨርሰው ያገላሉ ወይም በትንሽ ጣሪያ ይወስኑታል። መድን ሰጪዎቹ ከትናንቱ የተማሩት ይህንን ነው። ተቋራጮች የሚመከሩት ቀላል ነው፤ ውሉን ከመፈረም በፊት የተገለለውን አንቀጽ አንብብ፣ ንዑስ ተቋራጭህም ምን መድን እንዳለው ጠይቅ።

በእኛ ሕግ ሲታይ

ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የሮተርዳም ስምምነት ሰማያዊና ቡናማ አስቤስቶስን አስቀድሞ ማሳወቅና ፈቃድ ከሚያሻቸው ኬሚካሎች ተርታ አስገብቷል። ነጩ ግን ውሳኔው የሁሉንም ስምምነት ስለሚጠይቅና ጥቂት አገሮች በየጉባኤው ስለሚቃወሙ ከዝርዝሩ ውጭ ቆይቷል። ከተሞቻችን አሮጌ ቤቶችን በሚያፈርሱበት በዚህ ዘመን ጥያቄው ሩቅ አይደለም።

ደስ የሚያሰኘው «ማን» ለሚለው ጥያቄ የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከፌርቻይልድ አርባ ዓመት ቀደም ብሎ መልስ ማስቀመጡ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በቁጥር 2142፣ ጉዳቱን ያደረሰው ከጥቂት ሰዎች መካከል አንዱ መሆኑ ተረጋግጦ የትኛው እንደሆነ ግን መለየት ካልተቻለ፣ ለርትዕ አስፈላጊ ሲሆን ዳኛው ሁሉንም በአንድነት እንዲክሱ ሊያዝ እንደሚችል ይናገራል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችንም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ምክንያት ለመጣ በሽታ ኃላፊ ነው።

የሚያሳስበው «መቼ» ነው። ቁጥር 2143 ከውል ውጭ ለሆነ ኃላፊነት የካሣ ክስ ተጎጂው ጉዳት ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። አርባ ዓመት ተደብቆ ለሚቆይ በሽታ፣ ጉዳቱ የደረሰው አቧራው የተሳበ ቀን ነው ከተባለ፣ ይርጋው ሰውየው ሳይታመም ያልፋል። ብሪታንያ ይህንኑ በ1963 አይታዋለች። የብረት ሠራተኞች ሳንባቸው በሌላ ዓይነት አቧራ ተጎድቶ ሲከሱ፣ የሎርዶች ችሎት ጉዳቱ ሳያውቁት ስለደረሰ ጊዜው አልፏል ብሎ፣ እያዘነም ቢሆን፣ አሰናበታቸው። ፓርላማው በዚያው ዓመት ሕጉን አሻሻለ፤ ዛሬ በእንግሊዝ ለሠራተኛው የሦስት ዓመቱ ይርጋ የሚቆጠርለት ጉዳቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ነው። በእኛም አገር ዳኞች «ጉዳት የደረሰበት ጊዜ» የሚለውን ለተደበቀ በሽታ ሲተረጉሙ፣ ወይም ሕግ አውጪው አንቀጹን ሲያሻሽል፣ መነሻው ሐኪም በሽታውን ለሠራተኛው የነገረበት ቀን ሊሆን ይገባል።